የኸይሩ አውሮፕላን

አምባቸው ወደዚያች ቤት የገባው ዝናብ አባሮት ነው። ከጎጃም መጥቶ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሶዶ ሰማይ ግን አሁንም ያሞኘዋል። «ኸይሩ ፎቶ» ከሚል ያረጀ ታፔላ ሥር ሊጠለል ሲል፣ ውስጥ ያሉት ልጆች ተጠጋግተው ወንበር ለቀቁለት።

ቅዳሜ ነበር። ሰባት ልጆች አንዲት ላፕቶፕ ከበው ይሻማሉ። ሁሉም ከቤታቸው አልበም አንዳንድ ፎቶ ይዘው መጥተዋል። ፎቶውን በስልክ አንሥተው ኮምፒውተሩ ላይ ይጭኑታል፤ ከሥሩ ታሪኩን በወላይትኛና በአማርኛ ይጽፋሉ፤ በድምፃቸውም ያነቡታል። ሲያልቅ መጽሐፍ ሆኖ በቴሌግራም ለዘመድ አዝማድ ይላካል።

ይህን ያመጣችው የቤቱ ባለቤት ፈይሩዝ ናት። አባቷ ኸይሩ ከስልጤ መጥቶ ሶዶን ሲያነሣ የኖረ ፎቶ አንሺ ነበር፤ እሷም ከልጅነቷ መብራት እየያዘች አደገች። አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ ይነሣል፤ ለእሷ የቀረላት ፎቶ ኮፒና የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው። ወሬ ግን አልቀረባትም።

«እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ፣ መምህር» አለችው ሻይ እየቀዳችለት። «ባለፎቶው በጆሮው ሳይሰማ መጽሐፍ አይዘጋም። አንዷ የእናቷን ሠርግ ስትጽፍ ሚዜዋን ሙሽራ አደረገቻት። መጽሐፉ እኛ ሳናውቅ ዱቦ ያሉ ዘመዶች ዘንድ ደረሰ። እናትየው ሁለት ወር አኮረፈችኝ።»

«የእኔ አልቋል፣ እትዬ» አለች ሰገነት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ፎቶዋ ላይ ትከሻው የሰፋ ኮት የለበሰ ወጣት የአውሮፕላን በር ተደግፎ ቆሟል። ከሥሩ «አያቴ ከአውሮፕላን ሲወርድ» ብላለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ይታያል እኮ።»

ፈይሩዝ ፎቶውን አይታ መለሰችላት። ዝናቡ አባርቶ ልጆቹ ሲበተኑ ከመደርደሪያው ጀርባ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥታ ዘረጋችው። ሰገነት ፎቶ ላይ ያለው አውሮፕላን ጨርቁ ላይ የተሣለ ነው፤ አንዱ ክንፉ አጥሯል።

«አባቴ በደርግ ጊዜ ያሣለው ነው። ክንፉ ያጠረው ግድግዳው ስላልበቃ ነው። ግማሹ ወላይታ በዚህ አውሮፕላን ተሳፍሯል፤ ከሶዶ የወጣ ግን የለም።»

አምባቸው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ልጅቷ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች። አያትየው የሚመጣው ቅዳሜ ከሁምቦ ይመጣሉ። እውነቱን ብናገር ሽማግሌውን በልጅ ልጃቸው ፊት አዋረድኩ፤ ዝም ብል ሕጌን በላሁት።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እሳቸው አፍ አላቸው። እኔ ጨርቄን ጠቅልዬ እቀመጣለሁ።»

በሳምንቱ አልዘነበም፤ አምባቸው ግን መጣ። የሰገነት አያት አቶ ተሻገር የበቆሎ እሸት በማዳበሪያ ተሸክመው ደረሱ፤ እሸቱን ለልጆቹ፣ ወንበሩን ለራሳቸው አደረጉ። ሰገነት ቆማ አነበበች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ አያቷ አፍ ሥር ደቀነችው።

«አባባ፣ ሁምቦ ከላይ ስትታይ ምን ትመስላለች?»

ሽማግሌው ፎቶውን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ በመጨረሻ ፈይሩዝን አዩ። እሷ ቀና ሳትል ወረቀት ታስተካክላለች። አምባቸው የያዘውን ሻይ መጠጣት ረሳ።

«አንቺ መብራት ትይዢ የነበርሽው ልጅ አይደለሽም?» አሏት። «የኸይሩ አውሮፕላን ዛሬም አለ?»

ፈይሩዝ ጨርቁን አውጥታ ዘረጋች። ልጆቹ ተጯጯሁ። ሰገነት ግን መቅጃውን ልታጠፋ ጣቷን ሰደደች።

«ቆይ፣ ሳትቆርጪ ቅጂ» አሉ አቶ ተሻገር። «ከሁምቦ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ጫማዬ እንዳይቆሽሽ በእጄ ይዤ። በዴሳ ከተማ አንዲት ቆንጆ ነበረች፤ ፎቶዬን ልልክላት ነው። ኮቱም የኸይሩ ነው። ደርሷት አየችና ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹አውሮፕላኑ ይቅር፤ ይህን ኮት ወንድሜም ለብሶ ተነሥቷል፤ እጅጌው ላይ የወለቀች ቁልፍ አለች።› ያን ቀን ስቃብኝ፣ ስትስቅ ኖረች። አያትሽ ናት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰገነት ፎቶውን አስጠግታ እጅጌውን ፈለገች። ቁልፏ የለችም።

«በእግርህ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«አራት። ስመለስ ግን ደስ ብሎኝ ስለነበር አልቆጠርኩም።»

ልጅቷ ወደ ላፕቶፑ ዞራ «ከአውሮፕላን ሲወርድ» የሚለውን አጠፋች። «አያቴ በእግሩ መጥቶ አውሮፕላን ተደገፈ» ብላ ጻፈችና አነበበችላቸው። አቶ ተሻገር እስክትጨርስ ሰምተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጽሐፉ ተዘጋ። ከዚያም አያትና የልጅ ልጅ ከዚያው ከአጭሩ ክንፍ ሥር ቆመው ተነሡ፤ መብራቱን የያዘው አምባቸው ነው።

ሊሄድ ሲል ከቦርሳው አንድ ፎቶ አወጣ። ጎጃም ያሉት አባቱ በወጣትነታቸው፣ ከሚያብረቀርቅ ብስክሌት ጎን።

«የራሳቸው ብስክሌት ነበራቸው፤ ለተማሪዎቼ ሁሉ የማወራው ነው» አለ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልሞላም።

ፈይሩዝ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙራ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ መለሰችለት።

«እኔ ስለ ብስክሌቱ ምንም አልልም፣ መምህር። ደውለው ይጠይቋቸው። ባለፎቶው ሳይሰማ አልዘጋልዎትም።»