ሦስት ባንዲራ

ወደ ሃቲያ ደሴት በምንሻገርበት ጀልባ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስልካቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ቋጥረውታል። የደረቅ ዓሣ ዘንቢላቸውን በእግራቸው ጠበቅ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ያቀላውን ቅጠል እያላመጡ፣ በየደቂቃው ቋጠሮውን ፈትተው ያያሉ፤ መልሰው ይቋጥራሉ።

አንዴ ማላመጣቸውን ገታ አድርገው ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ሦስት ነው አይደል?»

እውነትም ቀይ ክብ ውስጥ ሦስት ቁጥር አለች። እኛ የባሕር ጠረፍ ሰዎች ፊደል ባንቆጥር እንኳ ቀይ እናውቃለን። አንድ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማዕበል እያሰበ ነው፤ ሦስት ከሆነ ልጅህን አዝለህ ሩጥ ነው።

ከፍቼ አየሁላቸው። «የሻምፑ ቅናሽ ነው፣ አክስቴ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«ለፀጉር ብለው ነው ነፍሴን ሊያወጧት የነበረው?» ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ስልኩን ግን አልቋጠሩትም። ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር የወጣው ልጃቸው የሞንቱ ፎቶ ያለበትን ገጽ ከፍተው፣ በድምፃቸው ከላኩለት መልእክት ሥር ያለችውን ትንሽ አመድማ ምልክት በጣታቸው ነኩልኝ። መልእክቱ ገና አልደረሰውም ማለት ናት።

«ይቺ ከዓርብ ጀምሮ እንዲሁ ናት» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ውኃው መልሰው። «አብረውት የወጡት ትናንት ገብተዋል። ግን ቀይ አይደለችም፣ አይደል ልጄ?»

«አይደለችም» አልኳቸው።