ማን ነግሮት ሮጠ?

ባሌን የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ አይሆንም" ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ ተኮልኩለው ፊልም ሲያዩ፣ ካባ ለባሹ አክተር ከሰማይ ተወርውሮ ከፎቅ የምትወድቀውን ሴት ሊቀልባት ሲል፣ የእኔ ሰውዬ ከወንበሩ ብድግ ይላል። "አይሆንም! ከአርባኛ ፎቅ የወደቀች ሴት በብረት ክንድ ብትቀለብ ምን ተረፈች? አስፋልቱን ነው እኮ ወደ ላይ ያመጣላት!" ልጆቹ ይንጫጫሉ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ "ኧረ ተዋቸው፣ ይዩበት!" እላለሁ። እሱ እቴ፣ መች ሰምቶኝ!

ሊፍት ከመጣማ ፊልሙ አበቃለት። ሃያ ሁለት ዓመት ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። "አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዙታል፣ ሁሉም ቢበጠሱ ፍሬኑ ሐዲዱን ነክሶ ያቆመዋል፤ ምን ያስጮሃቸዋል?" ይላል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሌላ ነገር ነበር። "ይሄ ሰውዬ ከከተማው ማዶ ቁጭ ብሎ ምሳውን እየበላ አልነበር? ሴትየዋ ገና ሳትጮህ ማን ነግሮት ነው የሮጠው? ደግሞ አያውቃትም፣ ምን አግብቶት? ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም፣ ልጆች። ምክንያቱን ካልነገሩን ፊልሙ ቀዳዳ አለው።" የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ይሄን እየሰማች ነው ያደገችው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። ደንበኛዬ ናት፦ "ባልሽን አየሁት፣ ጉድ ሠርቷል!" ቪዲዮ ላከችልኝ። እሱ የሚጠግንበት ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ነው፣ ካሜራው የቀረጸው የአራተኛውን ፎቅ ኮሪደር። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ከጥርስ ሐኪም ወጥተው፣ ቦርሳቸው ውስጥ መነጽር እየፈለጉ ወደ ሊፍቱ ይሄዳሉ። በሩ ክፍት ነው። ሊፍቱ ግን የለም፣ ከበሩ ወዲያ ባዶ ጉድጓድ ነው። አንድ እግራቸውን ሲያነሱ ባሌ በደረጃው በኩል እንደ እብድ ሮጦ ይመጣና ኮታቸውን ከኋላ ጨምድዶ ይጎትታቸዋል። ሁለቱም ወለሉ ላይ ይዘረራሉ። በቃ ይሄው ነው።

እኔማ አበድኩ። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ የምስክር ወረቀት ሰጠው፣ ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቀልኩት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ ቪዲዮውን ሳላሳይ አልሸኝም ነበር። "የእኔ ነው፣ የእኔ!" እላለሁ አፌን ሞልቼ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። እሱ ግን ደስ አላለውም፤ ቪዲዮው ሲከፈት ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ ሞኟ ትሕትና መስሎኝ ይበልጥ ኮራሁበት።

በአራተኛው ቀን ምሳ እየበላን ልጃችን ስልኳን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? እሳቸው አልጮሁም። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው የለም። አንተ ደግሞ ሥራህን ጨርሰህ ከሕንፃው ወጥተህ ነበር ብለኸናል። ማን ነግሮህ ነው የሮጥከው?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ ደሜ ፈላ። "ዝም ብለሽ ብዪ! ደግሞ አባትሽን ልትመረምሪ ነው?" አልኳት። አቀረቀረች። እሱ ግን ተነስቶ ጓዳ ገባ፤ ተከተልኩት።

ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግቶ ነገረኝ። ለካ ሊፍት የየፎቁ በር ሁሉ ካልተዘጋ አይንቀሳቀስም። ሲመረምሩት ግን በአንዲት አጭር ሽቦ ያገናኙና "በሮቹ ተዘግተዋል" ብለው ያታልሉታል። ሥራው ሲያልቅ ሽቦዋ ትነቀላለች፤ ጀማሪ እንኳ ይሄን አይስትም። የዚያን ቀን ባሌ ሳይነቅላት ወጣ። ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሲከት፣ ሁልጊዜ ነቅሎ እዚያ የሚከታት ሽቦዋ የለችም። ያኔ ነው ሊነቅላት ወደ ሕንፃው የሮጠው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነ ሰው በእጅ የሚዘጋውን በር ሳይዘጋ ወርዶ ኖሯል፣ የተታለለው ሊፍት ደግሞ በሩን እንደተከፈተ ትቶት ሄዷል። መምህርቷን ከጎተታቸው በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ እያጨበጨበ፣ "እስቲ ልየው" ብሎ ላይ የሞተር ክፍል ወጣና ሽቦዋን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

"ለእሳቸው ብዬ አይደለም የሮጥኩት" አለኝ። "ፊታቸውንም አላየሁ። እስር ቤት ነው የታየኝ።"

"እሺ፣ ማንም አላወቀም አይደል? ከዚያስ?"

"መርማሪ መጥቶ ሊፍቱን ፈተሸው፣ ደህና ነው። ታዲያ በሩን ማን ከፈተው? ሊፍቱ ሳይኖር ከውጭ የሚከፍተው ቁልፍ ያለው ሽማግሌው ጥበቃ ጋ ብቻ ነው። ጠዋት ለጽዳት ሠራተኛዋ ከፍተውላት ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው 'ሳልዘጋው ቀርቼ ይሆን?' አሉ። መርማሪው ወደ እኔ ዞረ።"

"ምን አልከው?"

"ሊሆን ይችላል አልኩት።"

ለፊልም ሁሉ አይሆንም የሚል ሰው፣ አንድ ጊዜ ይሆናል አለና ሽማግሌውን ከሥራ አስባረረ። ያኔ እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? ደግ ሚስት 'ሂድና እውነቱን ተናገር' ነው የምትለው። እኔ ግን ምን አልኩ? "ዝም በል!" አልኩት። "ፈቃድህን ይነጥቁሃል፣ ልጅ እናሳድጋለን። እሳቸው እንደሆነ አርጅተዋል፣ ዛሬም ሆነ ነገ ከሥራ መውጣታቸው አይቀር።" በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄው ነው። በዚሁ አፌ ነው ያልኩት፤ ከዚያም ወጥቼ ምሳዬን በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሁለተኛው ልጆቹ እንደ ወትሮው መጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ ነገረኛ "ዛሬ የጋሼን ቪዲዮ በትልቁ እንየው!" አለች። ከፈቱት። አጨበጨቡ። ከዚያ ያቺው ነገረኛ ወደ ባሌ ዞራ "ጋሼ አይሆንም፣ እስቲ የራስህንም ቀዳዳ አውጣ! ሴትዮዋ ሳይጮሁ ማን ነገረህ?" አለችው። ልጆቹ ሳቁ።

መልሱ የመጣው ከልጃችን ነው። "ፒንሳውን ረስቶ ሊወስድ ተመልሶ ነው" አለች፣ ረጋ ብላ።

"ታዲያ ለምን ይሮጣል?"

"ሌላ ሕንፃ ቀጠሮ ነበረዋ፣ ረፍዶበት።"

"በደረጃስ ለምን?"

"ሊፍቱ ሲቆይበት።"

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈነችለት። ልጆቹም "እሺ፣ ይሆናል" አሉ። እሷ ማንም አልነገራትም፤ ያን ቀን ከፊታችን አንብባው ኖሯል። ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ አንዴም አልተደናቀፈችም። ከማን ተማረችው? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባሌ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና "ልጆች፣ ለዛሬ ይበቃናል" አለ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ። ሰውየው መጀመሪያ በሩን ዘጋ። "ቪዲዮውን ስንት ሰው አይቶታል፣ የሕንፃችን ስም ተነስቷል። ሽማግሌውም አምነው ፈርመው ሄደዋል። ምን አስጨነቀህ? ይለፍ" አለው። ባሌ ወረቀት ለምኖ ጻፈ፣ ፈርሞም ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ፈቃዱን ለአንድ ዓመት አገዱት። ይሁን፣ እኔ እሰፋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደን ማክሰኞው ነው። በጠዋት ሽማግሌው ቤት ሄድን። ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው ዩኒፎርሟን ለብሳ ከግቢው ጫፍ ጠጠር ትጫወታለች። ባሌን ሲያዩ ብድግ አሉ። በሁለት እጃቸው እጁን ይዘው ሳሙት። እጁን! ሊነጥቃቸው ቢሞክር አለቀቁትም።

"የኔ ልጅ፣ አንተ ባትደርስልኝ የሰው ነፍስ አጥፍቼ ነበር" አሉት። "ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን አላምንም። የቤቴን በር እዘጋና ተመልሼ አየዋለሁ፣ ደግሞ እዘጋና አየዋለሁ። እቺን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ልጄ ከለከለኝ። 'አባባ፣ አንተ ትረሳለህ፣ መንገድ ላይ ትለቃታለህ' አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ በሩን ዘግተውታል" አለ ባሌ። ከዚያ ሽቦዋን፣ ሻይ ቤቱን፣ "ሊሆን ይችላል" ያለውን ሁሉ ነገራቸው። እያለቀሰ ነበር። እኔም "ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም። እጁን ቀስ ብለው ለቀቁት።

ይጮሁብናል፣ ይረግሙናል ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በረገሙን! ልጃቸውን ከቤት ጠሩት። የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ የልጅቷን ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ወጣ።

"ድገምለት" አሉት ባሌን።

ደገመው። ጎልማሳው ልጅ አባቱን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ አባቱ እጅ ላይ አስቀመጠ፤ ተመልሶ ቤት ገባ።

ሽማግሌው ቦርሳውን አንግተው የልጅቷን እጅ ያዙ። በአጠገባችን ሲያልፉ "ግቡ" አላሉን፣ "ሂዱ" አላሉን። ከግቢው በር ላይ ልጅቷ ወደ እኛ ዞር ብላ "አያዬ፣ ያ ሰውዬ በቪዲዮ ያየነው ጀግና አይደለም?" አለቻቸው።

"እሱ ነው" አሏት፣ ሳይዞሩ።

ልጅቷ እጇን አወዛወዘችለት። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር አላያትም። እኔ ግን አየኋት።