ለተማሪዎች ያስቀመጥነው ወተት

ያኔ፣ አሰላ ላሉት አዳሪ ተማሪዎች ወተት ለሚያቀርብ ገበሬ አንዲት ጊደር በእርዳታ ትሰጣለች ተባለ። እኔ ያለችኝ አንዲት ላም ነበረች፤ ጊደሯን አጥብቄ ፈለግኋት።

ወተቱን የሚመረምር ሹም ቤታችን መጣ። ከእንግዳ ወተት አይደበቅምና ባለቤቴ በዋንጫ ሰጠችው። ማስተረፍ ነውር መስሎት ጨለጠው። እኛ ደግሞ ዋንጫው ባዶ ሲሆን አልጠገበም ብለን ሞላንለት። አራት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሰውየውን አላበው።

በመጨረሻ ቀበቶውን ላላ አድርጎ፣ «በል፣ ለተማሪዎቹ ያስቀመጥከውን ወተት አሳየኝ» አለኝ።

ባለቤቴ ባዶውን የወተት ጮጮ ዘቅዝቃ፣ «ጌታዬ፣ ጠጥተው ጨረሱት እኮ!» አለችው።

ሆዱን ይዞ፣ «እንግዲያው ደህና አድርጌ መርምሬዋለሁ» አለና ጣቴን ቀለም አስነክሮ የጊደሯ ወረቀት ላይ አስፈረመኝ።