ዲፈረንሻሉን ማን ይክፈተው

ከአሶሳ የወጣነው ጠዋት በአውሮፕላን ቢሆንም፣ ለእኔ መውጣት ማለት የዋዜማው ምሽት ነው። ዒሻ እንደሰገድን ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ገባ። ማንም «ደህና ሁኚ» አላለም። አንዷ የደረቀ ባሚያ በላስቲክ ቋጥራ አመጣች፣ ሌላዋ እንደ ሻይ የሚፈላ ከርከዴ፤ ከመንጌ የመጣችው አክስቴ ሻንጣዬን ከፍታ ልብሴን እንደገና አጣጠፈችው፤ እኔ ያጣጠፍኩት አላማራትም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ዕድሜው ያለፈው አሶሳና ኩርሙክ ሲመላለስ ነው። ያን ምሽት ከሰው መሀል ተነስቶ መኪናው ስር ገባ። የሚጠገን ነገር አልነበረም።

ወደ ካናዳ የጠራን ወንድሜ ነው። ወረቀቱ የእኔንና የልጄን የሳዲቅን ስም ይዞ መጣ፤ የአባቱ ይከተላል ተባለ። እስከ ዛሬ እየተከተለ ነው። አላህን አመሰግናለሁ፤ ልጄን በሰላም አሳድጌያለሁ፣ ጾማችንን አድረን አናውቅም። ግን ሳዲቅ ያቺን «ይከተላል» የምትል ቃል ትንሽ ልጅ ሆኖ ሰማት፣ ጢም አውጥቶም ይሰማታል። አባቱ ሲደውል «ሰላም ነህ አባ፣ ሥራ እንዴት ነው» ብሎ ስልኩን ለእኔ መመለስ ልማድ አደረገ። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም። አባቱ መምጣት ያልፈለገ ይመስለው እንደነበር ግን እናት ነኝና አውቃለሁ። ሁለቱ እንዳይቆራረጡ ነበር ሁልጊዜ ዱዓዬ።

የገባን ዕለት የኤርፖርቱ ሹም ባሚያውን ከሻንጣዬ አውጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ እሷም ባሚያ አታውቅም። አትክልት ነው፣ ደርቋል አልኩ። ምን ያደርጋል አለ። ወጥ ያዝለገልጋል አልኩ። አስተርጓሚዋ ቃሌን እንድደግም ጠየቀችኝ። በኋላ ምን ብላ እንደነገረችው አላውቅም፤ ሰውየው ላስቲኩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መለሰልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አሳለፈን።

ኤድመንተን ስለሚባለው ከተማ ብርድ ብጽፍላችሁ አታምኑኝም፤ ስለ ማንጎው ልንገራችሁ። አሶሳ ማንጎ ከዛፍ ወድቆ በመንገድ ላይ ይረገጣል። እዚህ አንድ በአንድ ወረቀት ተለጥፎበት ይሸጣል፤ ቀለሙ ማንጎ ነው፣ ሌላው ነገሩን አላገኘሁትም። የተከራየነው ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ነው፤ ቤዝመንት ይሉታል። የቤቱ ባለቤት ብቻውን ከላይ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሽንኩርት ስጠብስ መስኮት እንድከፍት ነገረኝ። መስኮቱ አይከፈትም አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ።

ሳዲቅ አድጎ ከከተማው ውጭ ካለ መጋዘን ሥራ አገኘ። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። የሥራ ባልደረባው ያረጀ የስፖርት መኪና ሸጠለት፤ ቀይ ናት፣ ዝቅ ያለች፣ ሲገቡባት መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ነው። የቀድሞ ባለቤቷ ለእሽቅድድም ብሎ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን የዲፈረንሻሏን ጥርሶች ቀይሯቸዋል። ስትነሳ ትበራለች። አውራ ጎዳና ላይ ግን ሞተሯ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ሳዲቅ ከሥራ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ካልጠራሁት አይሰማኝም ነበር። ጥርሶቹ ወደ ቀድሞው ካልተመለሱ ሞተሩ ብዙ አይቆይም አሉት። ጋራዥ ሄዶ ጠየቀ፤ የጠሩለት ዋጋ ከመኪናዋ ይበልጣል።

ራሴ እቀይረዋለሁ አለኝ። ቪዲዮም አሳየኝ። ነገሩ ጥርሶቹን ማውጣትና ማስገባት ብቻ አይደለም። ጥርስና ጥርስ በሚነካኩበት ቦታ ያለው ክፍተት እንደ ወረቀት በሳሱ ቀለበቶች ይስተካከላል፤ ከጠበቀ ይግላል፣ ከላላ እርስ በርሱ ይበላላል። ልጄ አንድ ቀን ቆርጦ ይነሳል፣ በማግስቱ ይፈራል። ቢያበላሸው መኪናዋም ትቆማለች፣ ሥራውም ይቀራል።

«አባትህን ጠይቀው» አልኩት።

«የአባ መኪና ሌላ ነው።»

«ዲፈረንሻል የለውም?»

ሳቀ፤ ግን አልደወለም። እንግዲያው ኢስቲኻራ ስገድ አልኩት፤ ሰው ሁለት መንገድ ሲቀርብለት አላህን የሚያማክርበት ሶላት ነው። ለዲፈረንሻል? አለኝ። አላህ ዘንድ ትንሽ ጉዳይ የትኛው ነው አልኩት።

ጁምዓ ዕለት መስጊድ ውስጥ ለሴቶቹ፣ ልጄ የመኪናውን ጥርስ ልቀይር ይላልና ዱዓ አድርጉልኝ አልኳቸው። ዱዓ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ነገር ግን ከእነሱ መሀል የእኛ አገር ሰዎችና ከኩርሙክ ማዶ፣ ከሱዳን የመጡ አሉ። እኛ ዘንድ ሥራ አለብኝ ብሎ በሰው ፊት መናገር ናፊር መጥራት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ለአንድ ሰው ሥራ ይወጣል፣ የጠራው ምግብ ያዘጋጃል፣ የመጣውን መመለስ ነውር ነው። አገር ቤት ብሆን ቃሌን መዝኜ እናገር ነበር። እዚህ ማንም ለማንም ስለማይወጣ ነገሩ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ኖሯል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳዲቅ ገና ሳይወስን፣ ሓጅ ኢድሪስ የሚባሉ የኩርሙክ ሰው የመስጊዱን ወንዶች አስከትለው ደረሱ። ክሪክ ይዘዋል፣ መፍቻ ይዘዋል፣ አንዱ መጥረጊያ ይዟል። ምን ልበል? ገብቼ የማሽላ ገንፎ ማገንፋት ጀመርኩ። የቤቱ ባለቤት በሌሊት ልብሱ ወርዶ መጣ።

«እነዚህ ሰዎች ከየትኛው ድርጅት ናቸው?»

«ከመስጊድ።»

«ማን ነው የሚከፍላቸው?»

«ገንፎ እየሠራሁ ነው።»

«ኢንሹራንስ አላቸው?»

አሰብኩበት። «ልጆች አሏቸው» አልኩት። ሌላ ዋስትና አላውቅላቸውም።

ገንፎውን ሸፍኜ ስወጣ መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች። ዘይቱ ወርዷል፣ የዲፈረንሻሉ ክዳን ተከፍቷል። አንዱ ክዳኑን ያጥባል፣ አንዱ ብሎኖቹን በመጠናቸው ይደረድራል፣ ሓጅ ኢድሪስ በጀርባቸው ተኝተው ጥርሶቹን ወደያዙት ብሎኖች መፍቻቸውን ዘርግተዋል። ሁሉም በፍቅር ነው። ሳዲቅ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል። ልጄ ብዙ ነገር እዚህ ተምሯል፤ ሽማግሌን «ተው» ማለት ግን አላስተማርኩትም። ዓይኑን አየሁት። ሳልጠይቀው ወደ አሶሳ በቪዲዮ ደወልኩ። እነሱ ዘንድ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነበር።

ባለቤቴ በስልኩ መስኮት የተከፈተውን አየ። መጀመሪያ ለሓጅ ኢድሪስ ሰላምታ አቀረበ፤ ጤናቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ የኩርሙክን ዝናብ ጠየቀ። በዚህ መሀል መፍቻው ከብሎኑ ወረደ። ከዚያ ልጁን ጠራው።

«ሳዲቅ፣ ጥርሱን የነካው ሰው አለ?»

«የለም አባ። ክዳኑ ብቻ ነው።»

«ዝጋው።»

«እችላለሁ እኮ።»

«መቻልህን አልጠየቅኩም። ናፊር ቤት ይሠራል፣ እርሻ ያርማል። ዲፈረንሻል ግን የከፈተው እጅ ነው የሚዘጋው፤ አንዱ አጥቦ ሌላው ከደረደረ የግራው የቀኝ ይሆናል። እኔ በመንገድ ላይ የከፈትኩት ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ነው፤ ያኔም አበላሽቻለሁ። አንተ ብታበላሸው ሰኞ በምን ትሄዳለህ?»

ሳዲቅ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አንተ መጥተህ ብታሳየኝ ኖሮ አልፈራም ነበር።»

ብሎን የሚደረድረው ሰው መደርደሩን ተወ። ሓጅ ኢድሪስ ከመኪናዋ ስር ወጥተው አጥሩን የሚመረምሩ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። በስልኩ ውስጥ አዛን ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አዛኑን እስከ መጨረሻው ተከተለ።

«ልክ ነህ» አለው። ቆይቶ ደግሞ፣ «ሰግጄ ልመለስ። አትዝጋው፣ ስልኩን ማለቴ ነው» አለ።

እዚያ አሶሳ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎት ሄደ። ሳዲቅ ባዶውን የቤታችንን ግድግዳ እያየ ጠበቀው። ሲመለስ ስለ ወረቀቱ ማስረዳት ጀምሮ ነበር፤ ስንት ቢሮ እንደሄደ፣ ምን እንዳሉት። ሳዲቅ «አውቃለሁ አባ» አለው፤ የማያውቀውን። «ወደ ውስጥ ላሳይህ» ብሎም ስልኩን መኪናዋ ስር ይዞ ገባ። እኔ ለሰዎቹ ገንፎውን አቀረብኩ። ከመኪናዋ ስር እግሩ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ የሚናገሩትን አልሰማሁም፣ ልሰማም አልፈለግኩም።

የተስማሙበትን በኋላ ነገረኝ። ያገለገሉ መኪናዎች ከሚፈርሱበት ግቢ፣ ተመሳሳይ መኪና ሆና ጥርሷ ያልተነካ ይፈለጋል፤ ዲፈረንሻሉ ሳይከፈት እንዳለ ወርዶ እንዳለ ይገጠማል። ሳዲቅ ይህን መንገድ ቀድሞም ያውቀው ነበር፤ ራሴ ሠራሁት አያስብለኝም ብሎ ነው የተወው። አባቱ «የሚለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ክዳኑን አባቱ እያየ፣ ሳዲቅ በራሱ እጅ ዘጋው። ዲፈረንሻሉም ተገኘ። ሰዎቹ ሌላ ቅዳሜ ተመልሰው መጡ፤ ያን ከባድ ብረት ሁሉም እጅ ተባብሮ አነሳው፣ ብሎኑን ያሰረው ግን ሳዲቅ ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት ከደረጃው ላይ ቆሞ ሲመለከተን ነበር። ሲጨርሱ፣ የጓሮው አጥር መውደቁን ጠቅሶ ለአጥርም ይመጡ እንደሆነ በቀስታ ጠየቀኝ። ባሚያ ይበላ እንደሆነ ጠየቅኩት።

ያን ዕለት ሳዲቅ ለአባቱ ራሱ ደወለ። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ስልኩን በጎኑ ባለው ወንበር አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮለት፣ አባቱ የሞተሩን ድምፅ እንዲሰማ አውራ ጎዳናውን ይዞ ሄደ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። ብዙ ቆዩ።

ሲመለስ ስልኩን ሰጠኝ፤ ግሎ ነበር።

«አይጮኽም» አለኝ ባለቤቴ። «ጥሩ ትሄዳለች። ልጅሽ ግን ይፈጥናል።»

«ያንተም ልጅ ነው።»

«የኔም ነው» አለ። ከዚያ፣ «ከዚያ መንገድ ወዲያ ያለው ምንድን ነው? ስልኩ የሚያሳየኝ ሰማይ ብቻ ነበር» አለኝ።

ስንዴ ነው አልኩት፤ ሰዎች ሲሉ የሰማሁትን። እኔም አይቼው አላውቅም።