የከረሜላው ባጅ

ከረሜላ ሠሪ ነበርኩ። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከፓርክ ሂል በስተሰሜን፣ መጋዘን ብቻ ከተደረደረበት ሰፈር፣ መስኮት በሌለው ኩሽና ውስጥ ካናቢስ ያለበት ከረሜላ እሠራ ነበር። ሐሺሽ ብላችሁ ብትጠሩትም አልቀየምም፤ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሰዎች የሚሉት እንደዚያ ነው። እኔ ግን እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንዲት ቁራጭ እንኳ ምላሴ ላይ አላሳረፍኩም።

አለቃዬ የወደደኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራ ላይ መቅመስ ክልክል ነው፤ ቀምሶ ቀጥ ብሎ የሚቆምም የለም። ሳይቀምሱ መሥራት ደግሞ ለሌሎቹ ከባድ ነበር። እኔ ያደግኩት በጾም ለሕፃናትና ለታመመ ሰው የፍስክ ወጥ በሚሠራበት ቤት ነው። የሚሠራው ሰው ጾመኛ ስለሆነ አይቀምስም። የጨዉን ልክ ከእንፋሎቱ፣ መብሰሉን ከድምፁ መለየት እናቴ አስተምራኛለች። እናም ስኳሩ ሲንተከተክ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብዬ «ሎሚው በዝቷል» ስል፣ አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ለክቶ ሲያየው ሳቁን ተወ። ከዚያ በኋላ ያለ እኔ ድስት አይጣድም ነበር።

የሕጉን ብዛት አታንሱብኝ። ከረሜላው ፍራፍሬ መምሰል የለበትም፤ እንስሳም ሰውም መምሰል የለበትም፤ ልጅ ያምረዋል ተብሎ። እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይታተማል። ማሸጊያው ልጅ ሊከፍተው የማይችል መሆን አለበት፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ያለ መቀስ አልችለውም ነበር። ከምንሠራው ሁሉ ናሙና ላቦራቶሪ ሄዶ ተመርምሮ ይመለሳል። ይኼን አልጠላሁትም። ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና ይመርመር።

የሚያቃጥለው ሌላው ነው። ይህን ሁሉ የሚያዘው የኮሎራዶ ስቴት ነው። ለፌዴራሉ መንግሥት ግን እኛ ምግብ ሠሪዎች አይደለንም፤ ወንጀለኞች ነን። ጎረቤታችን ስቴት ዋዮሚንግ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ አንዲት ፓኬት መላክ አይቻልም። ስኳሩ ኦርጋኒክ ቢሆንም ማሸጊያው ላይ ኦርጋኒክ ነው ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ ቃሉን የሚሰጠው ፌዴራሉ ነዋ። ባንኩ የአለቃዬን አካውንት ዘጋበት። እንደ ሌላ ነጋዴ ወጪውን ቀንሶ ግብር መክፈልም አይችልም። ግብሩን ግን ፌዴራሉ አንድም ቀን ተጸይፎት አያውቅም።

እዚያ ለመሥራት ባጅ የሚሉት የፈቃድ መታወቂያ ያስፈልጋል። አሻራ ሰጠሁ፣ የኋላ ታሪኬ ተጣራ፣ ፎቶዬና የስቴቱ ማኅተም ያለበት ባጅ መጣልኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቄራ ሲሠሩ ነው፤ የታረደው ሥጋ ላይ ሐምራዊውን ማኅተም ከሚመቱት አንዱ እሳቸው ነበሩ። እኛ ቤት ማኅተም ያረፈበት ነገር ንጹሕ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። አዲስ አበባ ደውዬ ባጁን በቪዲዮ ሳሳያቸው ዓይናቸው ስለደከመ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ማኅተም አለው?» አሉኝ።

«አለው፣ አባባ።»

«እንግዲህ የመንግሥት ሰው ሆንሽ በይኛ!» ብለው ሳቁ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ወላጅ ለማምጣት ደግሞ ግሪን ካርድ አይበቃም፤ ዜጋ መሆን ግድ ነው። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ በረዶ ውስጥ ምን እሠራለሁ፤ ተይኝ» ሲሉኝ ኖሩ። ለምኜ ለምኜ ሰለቸኝ። እሺ ያሉት ደረጃ ላይ ወድቀው፣ ጎረቤት እስክታገኛቸው ድረስ ከጠዋት እስከ ቀትር ሲሚንቶ ላይ ከተኙ በኋላ ነው። «በይ አምጪኝ» አሉኝ። እኔም በዚያው ሳምንት ለዜግነት አመለከትኩ።

የኢንተርቪው ቀን ነጠላዬ ብቻ ነው የቀረው እንጂ ለዓመት በዓል እንደሚኬድ ሆኜ ለብሼ ሄድኩ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። የታሪኩን ጥያቄ መለስኩ፣ ጻፊ ያለኝን ጻፍኩ፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው አለኝ። ከዚያ የት እንደምሠራ ጠየቀኝ።

«ኩሽና። ከረሜላ እሠራለሁ» አልኩት።

ጎሽ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፍ ነበር። እኔ ግን ቦርሳዬን ከፍቼ ባጁን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አሳዪ ያለኝ ሰው የለም። ለዜግነቱ መልካም ሥነ ምግባር እንዳለኝ ማስረዳት ይጠበቅብኝ የለ? መንግሥት ራሱ አሻራዬን መርምሮ፣ ንጹሕ ናት ብሎ ማኅተሙን ያሳረፈብኝ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል ብዬ ነው። ኮርቼ ነው ያስቀመጥኩት።

ባጁን አየ፤ እኔን አየ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ከረሜላው ውስጥ ምን አለ?»

ነገርኩት። ለምን እዋሻለሁ?

«ይህ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«የመንግሥት ፈቃድ አለኝ እኮ። ይኸው ማኅተሙ።»

«እሱ ስቴቱ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንዳዘነልኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እኛም አገር ፌዴራልና ክልል የሚሉት ነገር ሞልቷል። ግን አንዱ መንግሥት ንጹሕ ነሽ ብሎ የሰጠኝን፣ ሌላው የወንጀሌ ማስረጃ አድርጎ ሲጽፈው ቁጭ ብዬ አየሁ።

ውሳኔው በፖስታ መጣ። መልካም ሥነ ምግባር አልተሟላም፣ ተከልክለሻል ይላል። መልካም ሥነ ምግባር! የትራፊክ ቅጣት እንኳ የሌለብኝን ሴት! ደሜ ፈላ። ቢሮው ሃቫና ስትሪት ወደሆነው ሐበሻ ጠበቃ ሄድኩ። አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ሥራውን ዛሬውኑ ኩዊት አድርጊ» አለኝ። «ካቆምሽበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ንጹሕ ሬከርድ ሊኖርሽ ይገባል። ከዚያ እንደገና አፕላይ እናደርጋለን።»

«አባቴ ሰማንያ አልፏቸዋል» አልኩት።

ሲሸኘኝ በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

አለቃዬ ስነግረው አለቀሰ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እንባው አናደደኝ። ኩሽናው የእሱ፣ ድስቱ የእሱ፣ ትርፉም ኪሳራውም የእሱ ነው፤ እሱን ሥነ ምግባር የለህም ያለው የለም፤ እዚህ ተወልዷላ። ብዙ ሳይቆይ እሱም ከሰረና ዘጋ። ባዶው ኩሽና የሚከራይ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት በመኪና ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ አላዘንኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሐዘኔን ለሌላ ነገር ጨርሼው ነበር።

አሁን ሊትልተን በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የሰው አባት አጥባለሁ፣ የሰው አባት አጎርሳለሁ። ከምንከባከባቸው አንዱ አዛውንት ጣቶቻቸው በሪህ ተጣመዋል፤ ሲብስባቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። የሚያስተኛቸው ያ ከረሜላ ብቻ ነው ትላለች ልጃቸው። ከሱቅ ገዝታ ለአባቷ መስጠት በስቴቱ ሕግ ትችላለች። አረጋውያን ቤቱ ግን የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀበል ከረሜላው በሩን አልፎ አይገባም። ስለዚህ እሑድ እሑድ በዊልቸር እየገፋሁ መኪና ማቆሚያው ድረስ አደርሳቸዋለሁ፤ አባትና ልጅ መኪና ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ ፊቴን ወደ ሕንጻው አዙሬ እጠብቃለሁ።

አንድ እሑድ ልጅቷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ። ማሸጊያው አልከፈት ብሏት ጥፍሯን ሰብራለች። «እባክሽ ክፈችልኝ» ብላ ዘረጋችልኝ። አዛውንቱ ጣቶቻቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው ያዩኛል። መቀስ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ። ማን እንደሚያየኝ፣ ምን እንደሚጻፍብኝ አላውቅማ። ልጅቷ ጨካኝ እንደሆንኩ አድርጋ አየችኝና መስኮቱን ዘጋች። ልነግራት አልቻልኩም። ቤት ገብቼ ግን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ለአባባ ለብዙ ወራት «ወረቀቱ ዘግይቷል» ስላቸው ነበር። አንድ ቀን መዋሸቱ አታከተኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ስንት ዓመት አሉሽ?»

«አምስት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ጠራኋቸው።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉኝ። «አምስት ዓመት ምን አላት፤ ቅርብ ናት። እጠብቃለሁ፣ ልጄ። አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

ድምፃቸው የጤነኛ ሰው ድምፅ ነበር፣ ቀልድም ጨመሩበት። እኔም ሞኟ አመንኳቸው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የዚያን ቀን ራት በላሁ።

በሳምንቱ ምሳ የምታደርስላቸው ጎረቤታችን ደወለችልኝ። መጀመሪያ ደህና ናቸው፣ አትደንግጪ አለችኝ። ከዚያ ግን ትንሽ አመነታችና፣ ትናንት ካፖርታቸውን አውጥተው ለሰፈሩ ዘበኛ እንደሰጡት ነገረችኝ።

«ምነው አባባ፣ ይኼን እኮ ለአሜሪካው በረዶ ብለው ነው ያሰፉት፣ ገና አንድ ቀን እንኳ ሳይለብሱት አልኳቸው» አለችኝ። «‹ልጄ እንዳትሰማ እንጂ እኔ አልደርስበትም፤ እሱ ሌሊት ይበርደዋል› ብለው መለሱልኝ።»

ካፖርት እንዳሰፉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።