ጎተራ የገባው ካሜራ

ይርገዱ ሰው አታምንም። ይህን የምለው ስሟን ለማጥፋት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ በኩራት ትመልሳለች። ቲማቲም ስትገዛ ሚዛኑን ገልብጣ ታያለች። ታክሲ ውስጥ መልሷን ሳትቀበል ከመቀመጫዋ አትነሣም። ጎንደር ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ፎቶ ቤት አላት፤ ለተማሪው የመታወቂያ ፎቶ፣ ለተመራቂው ባለጋዋን፣ ለሙሽራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታነሣለች።

ካሜራው፣ ሌንሶቹና መብራቶቹ ግን የታላቅ ወንድሟ የምስጋናው ናቸው። እናት አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት፣ ካሜራ መያዝም ያስተማራት እሱ ነው። ሚስቱን ተከትሎ ከልጆቹ ጋር ስዊድን ሲሄድ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ አስጨብጦ «አደራ» አላት፤ እሷም «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ብላ ተቀበለች። ሌላ ውል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በዚያ ካሜራ ነው፤ ካሜራው ከእጇ ከወጣ ፎቶ ቤቷም መዘጋቱ ነው።

ታዲያ የጥር ሠርግ አልፎ ትንሽ እፎይ ባለች ሰሞን ምስጋናው ደወለ።

«ይርጌ፣ የካሜራውንና የሌንሶቹን ቁጥር ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።»

«ምነው አያ፣ ምን ሊሠራልህ?»

«ኢንሹራንስ ላስገባቸው ነው። እዚህ ስመጣ የገባሁት ኢንሹራንስ እኔ ጋ ያለውን ዕቃ ብቻ ነው የሚሸፍን። ጎንደር ያለውን አናውቀውም አሉኝ። እዚያው አገር እንፈልግለት።»

ይርገዱ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ኢንሹራንስ ለመኪና ሲገባ አይታለች። ሰው ግን በእህቱ እጅ ላለ ዕቃ ኢንሹራንስ የሚገባው ለምንድን ነው? ታጠፋብኛለች ብሎ ካልፈራ? በወንድምና በእህት መካከል ዋስ ሲጠራ ኮላ ድባ ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ሁለቱም የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ ይህን እሱም አይስተውም።

ከዚያ ጥያቄው በዛ። የፎቶ ቤቱ ቁልፍ ሌላ ማን ጋ አለ? ዕቃው የት ያድራል? ሠርግ ስትሄጂ ማን ይሸከመዋል? በመጨረሻም፣ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?

ቢሸጥ! ይህቺን ቃል ይዛ ስትብሰለሰል ሰነበተች።

ምስጋናው የዋህ ነው፤ ምንም አልጠረጠረም። እንዲያውም አማከራት። «ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ የሚከፍለው ለእሳትና ለስርቆት ብቻ ነው። ሁለተኛው ወደድ ይላል፤ ግን ወድቆ ቢሰበርም፣ መንገድ ላይ ብትዘረፊም ይከፍላል። ዕቃውን በዓይናቸው ሳያዩ ግን አይዋዋሉም። የቱ ይሻላል ትያለሽ?»

«አንተ ታውቃለህ» አለች።

ይህ መልስ በእኛ አገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ ቤት ይቁጠረው። ምስጋናው ግን እንደ ፈቃድ ቆጠረውና ውዱን መረጠ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ዘመን ያስፈልጋታል ብሎ ነው።

በሳምንቱ ባምላክ የሚባል የኢንሹራንስ ወኪል፣ የምስጋናው የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ፎቶ ቤቱ መጣ። ቆሞ መደርደሪያውን ቃኘ፤ ገበያ ላይ የበሬ ጥርስ እንደሚያይ ነጋዴ። «ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው?» አለ። ይኼ ገማች ነው፤ ወይም ገዥው ራሱ ነው! «ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ ሌላ ቀን ና» ብላ ሸኘችው።

በማግሥቱ ካሜራውንና ሌንሶቹን በቦርሳ ይዛ ኮላ ድባ፣ አክስቷ ዓይናዲስ ዘንድ ወረደች። የሚሸጠውን ዕቃ ካላገኘ ምን ይሸጣል? ለሥራዋ አንድ አሮጌ ካሜራ ተከራይታለች።

«ከማን ነው የምንደብቀው፣ ልጄ?» አለች ዓይናዲስ።

«ከሌባ።»

«እንግዲያ ጎተራ ይግባ። ሌባ ካሜራ ፍለጋ ሽምብራ አይዝቅም። ሸጋ አድርጌ አስቀምጥልሻለሁ።»

ቦርሳውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ሽምብራው ውስጥ ቀበሩት። ዓይናዲስ በየዓመቱ እንደምታደርገው የነቀዙን መድኃኒት፣ ያንን ከገበያ የሚገዛውን ክኒን፣ እህሉ ላይ ጣል ጣል አደረገችና የጎተራውን አፍ በጭቃ መረገችው። የነቀዝ መድኃኒት ከካሜራ ጋር ምን ጠብ አለው?

ባምላክ ተመላለሰ። በመጣ ቁጥር ምክንያት ትሰጠዋለች። አንድ ቀን ምክንያቱ ሁሉ አለቀባትና «ለሠርግ ተከራይተው ወስደውታል» አለችው።

ባምላክ አፉን ከፍቶ አያት። «በዐቢይ ጾም የምን ሠርግ ነው?»

ይርገዱ መደርደሪያውን መጥረግ ጀመረች። እሱም ትዕግሥቱ አለቀ። «ስሚኝ ይርገዱ፤ አትንገራት ተብዬ ነበር። ኢንሹራንሱን የሚዋዋለው የዕቃው ባለቤት ነው፤ ባለቤቱም እዚሁ የሚኖር መሆን አለበት። ምስጋናው ዕቃውን በስጦታ ላንቺ አዙሮ ወረቀቱን በኤምባሲ በኩል ልኳል። ቀድሜ ብነግራት እሺ አትልም አለኝ። አሁን ዕቃውን ልየውና በስምሽ ልጻፈው።»

ለእሷ! መጀመሪያ አላመነችውም። ማታለያ ቢሆንስ? ወረቀቱን አሳያት፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ኮላ ድባ የደረሰችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ጭቃውን አፍርሰው ቦርሳውን አወጡት። ከላይ አቧራ እንኳ አልነካውም። ካሜራውን ብትከፍተው አይበራም። ባትሪ ቀየረች፤ አይበራም። ጎንደር ወስዳ ጠጋኝ ሲከፍተው፣ ውስጡ ያለው መዳብ እንዳለ ጠቁሯል፤ ሌንሶቹም እንደዚያው። የክኒኑ ጢስ መዳብ እንደሚበላ የነገራት እሱ ነው። ኢንሹራንሱ ይከፍል እንደሆነ ባምላክን ጠየቀችው። «ሳንዋዋል የተበላሸውን ምን ላድርገው?» አለ፤ አዝኖ ነው ያለው።

በዚያው ቀን ለወንድሟ ደወለች።

«አያ፣ ካሜራው ሞቷል።»

«ዘረፉሽ? አንቺ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ተይው እንግዲያ፣ ዕቃ ነው። ወድቆ ነው?»

ወድቆ ነው ብትለው ያምናታል። ተሰርቆ ነው ብትለውም ያምናታል። በዕድሜዋ ሁሉ የምታውቀው፣ የነገሩትን የሚያምን ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የጠረጠረችው እሱን። እንባዋ መጣ። ጎተራውን፣ ሽምብራውን፣ ክኒኑን ነገረችው።

ምስጋናው ሳቀ። «ሽምብራ ውስጥ! አንቺ ልጅ! ከማን ልትደብቂው ነው?»

«ካንተ» አለች።

ሳቁ ቆመ። «በይ፣ ልጆቹን ላስተኛ» ብሎ ዘጋው። እዚያም እዚህም ገና እኩለ ቀን ገደማ ነበር።