ካራቫናችን ከመልካ ወረር የተነሳች ዕለት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ጎማ ነበረው። አባቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ስለነበር የምንኖረው በካምፕ፣ ካራቫን በምንላት ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር። አንዱ የመንገድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ካምፑ ይነሳል፤ ቤታችንም ከከባድ መኪና ኋላ ተቀጥላ ትከተላለች። ከአዋሽ ስንነሳ እኔ ስምንት፣ ወንድሜ ሚኪያስ አራት ዓመታችን ነበር። አባቴ ሬንጅና ናፍጣ በሚሸት ቱታው አቅፎን፣ ሥራው ሰመራን አልፎ ድንበሩ ላይ ገላፊ ሲደርስ ጅቡቲ ወስዶ ባሕር እንደሚያሳየን ነግሮናል። ስለዚህ በጉዞው ሁሉ አልጋው ላይ ወጥተን፣ ባሕሩን ቀድመን ለማየት በትንሿ መስኮት እንጋፋ ነበር። የምናየው አቧራ፣ ግመልና የግራር ቁጥቋጦ ብቻ ነው።

መልካ ወረር ላይ ካምፑ ከጥጥ እርሻው አጠገብ ሰፈረ። ቀን ቀን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ስለሚግል እናቴ አንሶላ በውኃ ነክራ በሩ ላይ ትሰቅልልን ነበር። እኔና ሚኪያስ ከማሳው ዳር የወዳደቀ ጥጥ እንለቅማለን። እሱ ጥጡን አገጩ ላይ ለጥፎ፣ ሽማግሌ ነኝ እያለ የካምፑን ሠራተኛ ሁሉ እየዞረ ይመርቅ ነበር። የተመረቀው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አሜን ይለዋል።

አንድ ሰኞ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነበር። መድኃኒቱን ጀመረ፤ ረቡዕ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሐሙስ ከሰዓት በእናቴ እቅፍ ውስጥ አረፈ። እዚያው ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ጎረቤታችን ፋጡማ የምትባል የአፋር ሴት በየቀኑ ወተት ይዛ እየመጣች፣ ሰብር አድርጊ፣ ቻይው እያለች እናቴን በግድ ታስጠጣት ነበር።

ካምፑ በሳምንቱ ወደ ሰመራ እንዲነሳ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እናቴ አባቴን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ የልጇ አርባ እስኪወጣ እኛ እንድንቆይ የካምፑን አለቃ፣ ፎርማኑን፣ እንዲጠይቅላት። አባቴ ሄዶ ተመለሰ፤ ወደ ውስጥም አልዘለቀም።

«ጠየቅሁት። አይሆንም አለኝ» አላት በሩ ላይ እንደቆመ።

ጠዋት መኪናው መጥቶ ካራቫኗን ሲያያይዟት እናቴ ወጥታ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ሴቶች ደግፈው አስገቧት። እኔ ከአልጋው ላይ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ እያነሰ እያነሰ ሲጠፋ አየሁ። ሰመራ ስንደርስ ሜዳ ላይ የተበተኑ ቢሮዎች አየን፤ የክልሉ ዋና ከተማ ናት አሉን። እናቴ እዚያ ወረደች፣ ከዚያ ወዲያም ካራቫን አልገባም አለች። ባሕሩ ቀረ።

ከዚያ ጀምሮ እናቴ ያንን ፎርማን ሳትረግም የዋለችበት ቀን የለም። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማታል።

አባቴ ያረፈው አምና ነው። ፎርማኑ አርጅቶ፣ በከዘራ ተደግፎ ለቅሶ መጣ። እናቴ ፊቷን አዞረችበት። እኔ ግን ሲወጣ ተከትዬ ለምን እንደከለከለን ጠየቅሁት። ሰውዬው ደንግጦ ቆመ።

«ልጄ፣ አባትሽ አልጠየቀኝም። እንዲያውም ቆዩ ብዬው ነበር። እሱ ግን እዚህ ማደር አልቻልኩም፣ ቶሎ ውሰደን አለኝ» አለኝ።

አባቴን ልጠይቀው አልችልም። እሱ ከልጁ መቃብር ሸሸ፤ እናቴን ግን ከልጇ ነጠላት፣ በሰው አሳብቦ ሃያ ዓመት ከአጠገቧ ተኛ። ይህን ይቅር ለማለት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዛሬ እኔና እናቴ ሰመራ የምንኖርበት የብሎኬት ቤት የትም አይሄድም። ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን ሁሉ ሮጬ የምነግረው ለእሷ ነበር። አሁን ግን ማታ ማታ ጸሎቷን ስትጨርስ ያንን ምስኪን ሽማግሌ ትረግመዋለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሜን እላለሁ።